ከፊደል ራስ ላይ አልቀመጥ ያሉ ምልክቶች

ፈረንሳዮች ከፊደላቸው ራስ ላይ ጭረት ሲያምራቸው አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ጭረቷ ሄዳ ቁጭ ትላለች። ቬትናሞች በአንድ ፊደል ላይ ሁለት ምልክት ይደራርባሉ፤ ሁለቱም ሳይገፋፉ ተደላድለው ይቀመጣሉ። እኔ ግን ከአንዲት የግዕዝ ፊደል ራስ ላይ አንዲት የዜማ ምልክት ለማስቀመጥ ስንትና ስንት ቅዳሜዬን አቃጥያለሁ። ምልክቷ ከፊደሏ ጎን እንዳኮረፈ ሰው ትቆማለች። ወደ ላይ ስገፋት ከላይ ያለውን መስመር ትገጫለች፤ ወደ ግራ ስስባት የጎረቤቷ ፊደል ራስ ላይ ትወጣለች። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ ደግሞ የምጽፈው አይመስለኝም።

የዜማው ነገር የአባቴ ነው። አባባ ወሎ ውስጥ የዜማ መምህር ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ የኢሚግሬሽን ፕሮሰስ ጀምሬ አመጣኋቸው፤ ይኸው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማዬ ውስጥ አብረን እንኖራለን። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ መኪና አይነዱም፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩት የአየር ጠባዩን ካርታ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ከሥራ እስክመለስ በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን ሲያዩ ይውላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ግን የኔታ ናቸው። ሰው ከወንበሩ ይነሣላቸዋል። በንግሥ ዋዜማ ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያ ባይኖራቸው እዚህ ሀገር ምን ይዘው እንደሚውሉ አላውቅም፤ ማሰብም አልፈልግም ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በዜማ መጽሐፍ ላይ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ድምፅህን እዚህ ላይ አውርድ፣ እዚህ አንሣ፣ እዚህ ያዝ፣ እዚህ ቁረጥ የሚሉ ናቸው። ፊደሉ ቃሉን ይነግርሃል፤ ምልክቱ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም ይነግርሃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት በገዛ ፊደሉ ራስ ላይ መሆን አለበት። አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ከተንሸራተተ ዜማው ሌላ ነገር ይሆናል። አባባ ‘ጩኸት’ ነው የሚሉት።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ የድሮ ታይፒስት ነኝ። አሁን የምሠራው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የደሴ ልጅ በከፈተው ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የሬስቶራንት ሜኑ፣ የኀዘን ፕሮግራም እንሠራለን። ጠዋት ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ተሰልፌ ድልድዩን ተሻግሬ እሄዳለሁ፤ ማታ ያንኑ ድልድይ ይዤ እመለሳለሁ። ሙሉ ቀን ስተይብ ውዬ ቤት ስገባ ኪቦርድ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም። አባባ ግን አንድ ቀን እራት እየበላን፣ “ለዓመቱ በዓላት የሚሆነኝን ዜማ በኮምፒውተር ጻፊልኝ” አሉ። የብራና መጽሐፋቸውን እዚያው ለተማሪዎቻቸው ትተውት ነው የመጡት። እዚህ የያዙት ፎቶ ኮፒ ደግሞ ከመደብዘዙ የተነሣ ግማሹ ምልክት የትንኝ እድፍ ይመስላል።

“ቀላል ነው አባባ” አልኳቸው። ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

ኮምፒውተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ በቁጥሩ ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ምልክትም እንዲሁ። ቁጥር ሲሰጠው ታዲያ ጠባዩም አብሮ ይመዘገባል። አንዳንዱ ምልክት ‘እኔ ብቻዬን አልቆምም፤ ከእኔ በፊት በተጻፈው ፊደል ላይ አውጡኝ’ ተብሎ ነው የተመዘገበው። እንዲህ ያለው ቦታ አይፈጅም፤ ፊደሉ በሄደበት ይሄዳል፤ ፊደሉ ቢያድግ አብሮ ያድጋል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱን ችሎ በመስመሩ ላይ እንደሚቆም፣ እንደ ድርጅት አርማ ወይም እንደ ኮከብ ምልክት ተደርጎ ተመዝግቧል። የእኛ የዜማ ምልክቶች ቁጥር ሲደርሳቸው በየትኛው በኩል እንደተመዘገቡ መገመት አያቅትም። ብቻቸውን ይቆማሉ። ፊደል ጠብቆ ሲነበብ ከላዩ የሚደረጉት ሁለት የማጥበቂያ ነጥቦች፣ እዚያው የእኛው ፊደል ሠፈር ያሉት፣ ራስ ላይ ይወጣሉ። የዜማዎቹ አይወጡም። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም፤ ምክንያት አይጠፋውም ይሆናል። እኔን ግን አልጠየቀኝም።

ያን ሰሞን የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለአንድ መስጊድ ማስታወቂያ በዐረብኛ እየጻፈ ነበር። ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ፊደሉን ይጽፋል፣ አንድ ቁልፍ ይመታል፣ ጭረቷ ከላይ ጉብ። ሌላ ፊደል፣ ሌላ ቁልፍ፣ ጭረቷ ከታች ልጥፍ። የፊደሉን መጠን በእጥፍ አሳደገው፤ አንዷም ንቅንቅ አላለችም።

“አስቀንተኸኛል” አልኩት።

“ምን ሆንሽ?”

“የአባባ ምልክቶች እንዲህ አይታዘዙልኝም።”

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። አባባን ይወዳቸዋል፤ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ‘የኔታ’ ነው የሚላቸው፤ የደሴ እስላም ነው፣ እሳቸውም የሀገሬ ልጅ እያሉ ይመርቁታል። “ስሚ” አለኝ፣ “ቴብል፣ ሠንጠረዥ አድርጊው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሴል፣ አንድ ቤት ስጪው፤ ምልክቱን ከላይ፣ ፊደሉን ከታች። ከዚያ አይንቀሳቀስም።”

“ለእያንዳንዱ ፊደል? አንተ አብደሃል?”

“በስፔስ እንዳታስተካክዪው ብቻ። አውቅሻለሁ።”

ያውቀኛል። እኔ የተማርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ ባለ የታይፕ ትምህርት ቤት፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ ሴቶች ባንዴ እየቀጠቀጥን። በዚያ መኪና የፊደሉን አካል እንመታና ቅጥያውን ከላዩ ላይ እንደርብ ነበር። ወረቀት ላይ ካረፈ አለቀ፤ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ሠንጠረዥ ሲያስፈልግ፣ አርእስት መሃል ላይ ሲገባ፣ ፊርማ በስተቀኝ ሲሆን፣ ሁሉንም በክፍተት ቁልፍ ነበር የምናስተካክለው። አውራ ጣቴ ክፍተቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የእኔ ዘመን ታይፒስት የጻፈችውን ማንኛውንም ፋይል ክፈቱ፤ ግማሹ ክፍተት ነው።

ስለዚህ ምክሩን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ሁለት መስመር አድርጌ ሠራሁት። ከላይ በትንሹ የምልክቶች መስመር፣ ከሥሩ የፊደሎች መስመር። ምልክቱ ከፊደሉ ትይዩ እስኪሆን ክፍተት፣ ክፍተት፣ ክፍተት። አንድ ምልክት ፊደሉ ጋ ሳይደርስ ሲቀር አንድ ክፍተት አበዛለሁ፤ ከዚያ ከኋላው ያሉት በሙሉ ይገፋሉ፤ ከዚያ እነሱን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ስንቴ ኪቦርዱን ገፍቼ እንደተነሣሁ አልናገርም። አባባ ከሳሎን ሆነው፣ “አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?” ይሉኛል።

“ከድፋት ጋር!”

“ድፋት ምን አደረገሽ?”

ፋይሉን ለሌላ ሰው መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አናንዴል የሚኖር፣ ቀን ቀን ታክሲ የሚነዳ፣ ማታ ማታ በስልክ ከአባባ ዜማ የሚማር አንድ የአርባ ዓመት ሰው አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ላክሁለት። ወዲያው ኮል አደረገ። “እመቤቴ፣ ስልኬ ላይ ከላይ ሳጥን ከታች ፊደል ነው የሚታየኝ፤ ሳጥኑ ምን ማለት ነው?” ስልኩ የምልክቶቹን ፎንት ስለማያውቅ በየአንዳንዳቸው ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድርለታል። ደግነቱ ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ሳጥኑን እንደ አዲስ የዜማ ምልክት ቆጥሮት የኔታን በስልክ ጠይቋቸው ኖሯል። አባባ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ገጹን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። የእኛ ሰው ሁሉ ነገር በፎቶ የሚላላከው ወዶ አይደለም።

እንዲህ እያልን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እርማት እንይዝ ነበር። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ሆኜ ፊደሉን ከነምልክቱ እየጠራሁ አነባለሁ፤ አባባ ያንን ሰምተው ያዜሙታል፤ ስሕተት ካለ ያስቆሙኛል። ብዙ ጊዜ አጠገቤ እንኳ አይሆኑም። ሻወር ቤት ጢማቸውን እያበጠሩ፣ ወይም ወጥ ቤት ዳቦ እየቆረጡ ነው የሚሰሙኝ።

“ቅናት ነው እንጂ ድፋት አይደለም!” ይላሉ ከወጥ ቤት።

“ፎቶ ኮፒው ላይ ድፋት ነው የሚመስለው አባባ።”

“ፎቶ ኮፒው ተማሪ ቤት አልገባም።”

ያዜሙታል። ቅናት ነው። ሄጄ ፎቶ ኮፒውን በማጉያ ሳየው፣ እውነትም ቅናት ነው። ይህ ያናድደኝ ነበር። እኔ ዐይኔን አፍጥጬ ያላየሁትን እሳቸው ቢላዋ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያርሙታል። መጽሐፉ በሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ሌላ መጽሐፍ ምን ያደርግልዎታል ብዬ አንዴ ጠይቄአቸው ነበር። “አያስፈልገኝም እኮ፤ ለሚያስፈልገው ነው” አሉኝ።

እኔን ዜማ ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ ከቤታችን አጥር ውጭ ያስተምሩ የነበረው ወንዶቹን ነው፤ እኔ ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ሽንኩርት ስልጥ እሰማ ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ቅዳሜ ጆሮዬ ላይ ተከማችቷል። ድልድዩ ላይ ትራፊክ ሲይዘኝ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ። ከጎኔ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ስልክ የማወራ ይመስለዋል።

ባለፈው መኸር እርማቱ እየቀለለ መጣ። አባባ እንደ ድሮው አያስቆሙኝም። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ ያለ አንድ ‘አይደለም’ እናልፋለን። ኩራት ተሰማኝ። እጄ ተስተካከለ፣ ምልክቶቹም ተገሩልኝ አልኩ። በማተሚያ ቤቱ ባለቤት ላይ ሳይቀር፣ “አንተ ቴብል ትላለህ፤ ይኸው በስፔስ ሠራሁት” ብዬ ቀለድኩበት።

ከዚያ አባባ አጠገቤ መቀመጥ ጀመሩ። ወረቀቱን ራሳቸው ማየት ፈለጉ። ትንሽ ቆይተው፣ “ዐይኔ ደከመ፤ አይታየኝም፤ በትልቁ አድርጊልኝ” አሉ። ስክሪኑ ላይ አጉልቼ አሳየኋቸው። “ምልክቶቹ አይታዩኝም” አሉ። ዐይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ መርምራ መርምራ፣ አዲስ መነጽር አዘዘች። ለዕድሜያቸው ዐይናቸው በጣም ጥሩ ነው አለች። መነጽሩ መጣ። ከመስኮት ሆነው የመኪና ማቆሚያው ላይ ያለውን ሰሌዳ የላቲን ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያነቡልኝ ጀመር። ወረቀቱ ግን አሁንም አይታያቸውም።

“አባባ፣ ሐኪሟ እኮ ዐይንዎ ደህና ነው ብላለች።”

“እሷ ዜማ ታውቃለች?”

“ምን አገናኘው?”

“በትልቁ አድርጊልኝ አልኩ። ለንግሡ ይዤው ነው የምገባው።”

ተናደድኩ። ወረቀት ይዘው ማኅሌት ገብተው አያውቁም። ወረቀት ይዞ የሚገባውን ሲያሾፉበት ነው የማውቃቸው። ግን አባቴ ናቸው፤ ንግሡም ቀርቧል። ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓቴ ፋይሉን ከፍቼ ሁሉንም መረጥኩና በአንድ ትልቅ መጠን አደረግሁት። ምልክቶቹም አብረው አደጉ። ጥሩ። አተምኩት፣ ጠረዝኩት፣ ሽፋን አለበስኩት። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ “አይተሽዋል ግን?” አለኝ። “አይቼዋለሁ” አልኩት። አላየሁትም። ያን ያህል ጊዜ ፊቴ ላይ የኖረ ነገር ምኑን አየዋለሁ?

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። መጽሐፉን ከፊታቸው ዘረጉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ጀመሩ።

ሦስተኛው ቃል ላይ እጄ ቆመ። ድምፃቸው መውረድ ያለበት ቦታ ላይ ወጣ። ቀጥሎ መያዝ ያለባቸውን ለቀቁት፣ መቁረጥ ያለባቸውን ያዙት። ዞር አልኩ። ገጹን ከትከሻቸው በላይ ሳየው ጉዱ ታየኝ። ፊደሎቹና ምልክቶቹ አድገዋል፤ የምልክቶቹ መስመር ግን ቀድሞ በትንሹ ስለነበረ ክፍተቶቹ ከፊደሎቹ አብልጠው ነው ያደጉት። ምልክቶቹ በሙሉ ከፊደሎቻቸው ላይ ወርደው ወደ ቀኝ ተሰድደዋል። ድፋቱ የጎረቤቱ ራስ ላይ ነው። ቁርጡ ቃል መሃል ላይ ነው። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ክፍተት! እሪ ብዬ መጮህ አማረኝ።

አሁን ያቆማሉ፣ ‘ይህ ምን ጩኸት ነው’ ብለው መጽሐፉን ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅኩ። አላቆሙም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቅር ያላቸው ሰው መስለው ቆም አሉ። ራሳቸውን ትንሽ አዘነበሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከምልክቱ ሥር አድርገው፣ ወረቀቱን እንደገና አዩት፣ ወረቀቱ እንዳዘዛቸውም ቀጠሉ። ገጹን ገለጡ። በሚቀጥለውም ገጽ ምልክቱ በወደቀበት ወደቁ፣ በተነሣበት ተነሡ። ምልክቶቹ ግልጽ ሆነው ይታዩዋቸው ነበር። ዐይናቸው ላይ ምንም አልነበረም።

እርማቱ ለምን እንደቀለለ ያን ጊዜ ገባኝ። እጄ አልተስተካከለም ነበር። እሳቸው ናቸው የሚያርሙበት ነገር የጠፋባቸው። በሆዳቸው የነበረው መጽሐፍ እየደበዘዘባቸው ነው፤ ያን ለሰው ከሚናገሩ ዐይኔ ነው ማለት ቀሏቸዋል። እኔም በኩራት ተነፍቼ የቅዳሜዎቹን ዝምታ እንደ ምስጋና ስቆጥረው ከረምኩ።

“ጥሩ ነው” አሉ ሲጨርሱ፤ “አሁን ይታያል።”

“ቀለሙ ደስ አላለኝም አባባ። እንደገና ላትመው።”

“ቀለሙ ምን ሆነ?”

“ይለቃል። እጅዎን ያቆሽሻል።”

ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ንጹሕ ነው። መጽሐፉን ዘግተው ሰጡኝ።

ሰኞ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነገርኩት። ‘አላልኩሽም?’ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። አንድ የምረቃ ባነር እየቆረጠ ነበር፤ መቁረጫውን አስቀመጠ።

“የኔታ ማወቅሽን ያውቃሉ?”

“እኔ እንጃ።”

“ንግሡ መቼ ነው?”

“የሚመጣው ሳምንት። በዚህ መጽሐፍ ከገቡ ሰው ፊት ይዋረዳሉ። ያለ መጽሐፍ ከገቡም ያው ነው። አልሄድም ቢሉ ደግሞ ያ መስኮት ብቻ ነው የሚቀራቸው።” እንባዬ መጣ፤ የመጣው ግማሹ በንዴት ነው። “አንድ ምልክት በአንድ ፊደል ላይ ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው? ለሌላው ሁሉ ተደርጎ የለም?”

“ነይ” አለ፤ “ቴብሉን እኔ አሰምርልሻለሁ። አንቺ ምልክቱን አስገቢ።”

ሦስት ደንበኛ እያስጠበቀ ለንግሡ የሚሆነውን ክፍል ብቻ በየቤቱ ከፋፈለልኝ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቤት፣ ከላዩ ለምልክቱ አንድ ቤት። ከዚያ ፊደሉን አሳደግሁ፣ አሳነስሁ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። መጀመሪያውኑ ብሰማው ኖሮ ዓመት ባልፈጀ ነበር። እሱን ግን ለእሱ አልነገርኩትም።

ምልክቶቹን ቤት ይዤው ሄጄ አስገባሁ። የድሮው በትንሹ የተሠራው ፋይል ላይ አባባ ገና ሲያርሙኝ ያስተካከልኩት ሁሉ አለ፤ የሚያጠራጥረኝ ቦታ ሲመጣ ግን ፋይሉን ትቼ አዜመዋለሁ። ድምፄ የት እንደሚወርድ ሲነግረኝ እዚያ ላይ ድፋት አስገባለሁ። ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እንዲህ እያደረግሁ ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። አፌን ያዝኩ።

“እንዲያ ነው?” አሉኝ።

በሕይወቴ አባቴ ስለ ዜማ ማንንም ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

“አዎ አባባ። እርስዎ ከወጥ ቤት ሆነው ያረሙኝ እንዲህ ነው።”

ወንበር ሳቡና ከጎኔ ተቀመጡ። ስክሪኑን አላዩትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ “በይ ከመጀመሪያው አድርጊው” አሉ። ይህን ቃል አጥሩ ውስጥ ሆኜ ለወንዶቹ ልጆች ሲሉት ነው የማውቀው። ከመጀመሪያው አደረግሁት። ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ገቡበት። እኔ መራሁ፤ እሳቸው ተቀበሉ። ሁለቴ እኔን ተከትለው ሄዱ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ “ርክርኩን አታሩጪው” አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አሩጬው ነበር። ደስ ከማለቱ የተነሣ መልሼ አሮጥኩት፣ እንደገና እንዲቆጡኝ። ተቆጡኝ።

ከጨረስን በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

“ለንግሡ ያ የአናንዴሉ ተማሪዬ ይምራ” አሉ። “ደርሷል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እቀበላለሁ።”

“እሺ አባባ።”

“አንቺ ግን መጽሐፉን ጨርሺው። ሁሉንም። በትልቁ ይሁን።” መነጽሩን መልሰው አደረጉና መስኮቱን አዩ። “ዐይኔ ነው የደከመው።”

“አዎ አባባ” አልኩ፤ “ዐይንዎ ነው።”